ንብብር ድንጋይ ስንት ይችላል? አስቀድማችሁ «በየት በኩል?» ብላችሁ ጠይቁ

ስለ ጥንካሬ ምሳሌ ስጡ ብንባል ለአብዛኞቻችን ቶሎ ወደ አፋችን የሚመጣው ድንጋይ ነው። ጨካኙን ሰው «ልበ ድንጋይ» እንለዋለን። ክፍል ውስጥ ስለ ቁስ አካል ጠባይ ስናስተምርም ድንጋይን «ጠጣርና ጠንካራ» ከሚባሉት ዘንድ መድበን እናልፋለን፤ ተማሪውም ይህንኑ ደብተሩ ላይ ገልብጦ ይሄዳል። ይሁንና አንዱ ነቃ ያለ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ድንጋይ ጠንካራ ነው ብለውናል፤ ግን ስንት ይችላል?» ብሎ ቢጠይቅ ምን እንመልስለታለን?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኝበትን መንገድ ማስረዳት ነው። ከድንጋዮች ሁሉ ደግሞ ንብብር የሆኑትን፣ ማለትም ከደለል የተሠሩትን አለቶች መርጠናል። ምክንያቱም ለእነዚህ «ጥንካሬው ይህን ያህል ነው» የሚል አንድ ቁጥር ብቻውን ሙሉ መልስ አይሆንም። «በየት በኩል ተጭኖ? ደረቅ ሆኖ ወይስ ርሶ?» የሚሉት ጥያቄዎች አብረው ካልተመለሱ ቁጥሩ ሰውን ያሳስታል። ማሳሳቱም በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። መንገድ ይንዳል፣ ግንብ ይልጣል፣ ከዚያም ሲያልፍ የሰው ሕይወት ያጠፋል።

ንብብሩ ከየት መጣ?

ወንዝ በክረምት ሲሞላ አሸዋና ጭቃ እየጠረገ ይወርዳል። ፍጥነቱ ሲቀንስ በቅድሚያ ጠጠሩን፣ ቀጥሎ አሸዋውን፣ በመጨረሻም ደቃቁን ጭቃ ያራግፋል። በሐይቅና በባሕር ወለል ላይ ይህ ነገር ለብዙ ሺህና ሚሊዮን ዓመታት ሲደጋገም አንዱ ንጣፍ በሌላው ላይ ይነባበራል። ከላይ ያለው ክብደት የታችኛውን እየጨመቀ ውሃውን ያስወጣዋል። በውሃው ውስጥ የሟሟው ኖራ፣ ሲሊካ ወይም የብረት ዝገት ደግሞ እንደ ሲሚንቶ ሆኖ ቅንጣቶቹን ያያይዛል። በዚህ ዓይነት አሸዋው የአሸዋ ድንጋይ፣ ጭቃው ሼል የሚባለው ስስ እየሆነ የሚላጥ የጭቃ ድንጋይ ይሆናል። የኖራ ድንጋይም በአብዛኛው ከባሕር እንስሳት ዛጎልና ከኖራ ዝቃጭ የተገኘ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ በሉ። አንደኛ፣ በአንድ ንጣፍና በሚቀጥለው መካከል ያለው ገጽ ብዙውን ጊዜ ከንጣፉ ከራሱ የላላ ነው። ሁለተኛ፣ የሸክላ አፈር ቅንጣቶች እንደ ቅጠል ጠፍጣፋ ስለሆኑ ሲዘቅጡ በጎናቸው አይቆሙም፤ ተጋድመው ይተኛሉ። ስለሆነም ሼል በውስጡም ቢሆን እንደ ደብተር ገጽ የተደረደረ ነው። እንጨት ፈላጭ ይህን ጠባይ በደንብ ያውቀዋል። ግንዱን ወደ ጎን ለመቁረጥ ሲደክም ይውላል፤ በቁመቱ ግን በአንድ ምት ይተረትረዋል። እንጨቱ ያው አንድ እንጨት ነው፤ የተለወጠው የመጥረቢያው አቅጣጫ ብቻ ነው።

በአገራችንም እንዲህ ያለ ድንጋይ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ በዓባይ በረሃ ቁልቁል ወርዶ ወደ ደጀን የወጣ ሰው የንብብር አለትን ታሪክ በመስኮት እያየ ነው ያለፈው። ከአናቱ ላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ። ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ የኖራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል ጂፕሰምና ሼል፣ ከወንዙ አጠገብ ደግሞ እንደገና የአሸዋ ድንጋይ ይገኛል። በመቀሌ አካባቢም የኖራ ድንጋይና ሼል እየተፈራረቁ ተነባብረው ይታያሉ። በገርዓልታ ተራሮች ያሉት ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት ከአሸዋ ድንጋይ ሲሆን፣ በባሌ የሚገኘውን የሶፍ ዑመር ዋሻ የወይብ ወንዝ የቦረቦረው በኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው።

በላቦራቶሪ ውስጥ ምን ይደረጋል?

አንድ መሐንዲስ ድልድይ ወይም ግድብ ከማቆሙ በፊት መሬቱን ያስሰረስራል። መሰርሰሪያው እንደ ቧንቧ ክፍት ስለሆነ ከመሬቱ ሆድ ውስጥ ሲሊንደር የመሰለ ድንጋይ ይዞ ይወጣል። ይህ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ይወሰዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው።

ዓለም አቀፉ የአለት መካኒክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው መመሪያ መሠረት የናሙናው ዲያሜትር ወደ 54 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱም የዲያሜትሩ ከ2.5 እስከ 3 እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። ሁለቱ ጫፎች ተሞርደው ጠፍጣፋ መሆን አለባቸው፤ የሚፈቀደው ጉድለት 0.02 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ይህ ከፀጉር ዘለላ የቀጨነ ነው። «ምን ይህን ያህል ጭንቅ አለ?» ትሉ ይሆናል። ጫፉ ጎርባጣ ከሆነ ጫናው በሙሉ በጉብታዋ ላይ ያርፍና ድንጋዩ ሳይደክመው ይሰበራል፤ ያን ጊዜ የለካነው የድንጋዩን ጥንካሬ ሳይሆን የራሳችንን ዝርክርክነት ነው።

ናሙናው በሁለት የብረት ሰሌዳዎች መካከል ይቆምና ማሽኑ ቀስ እያለ ይጫነዋል። በየሰከንዱ የሚጨመረው ጫና ከ0.5 እስከ 1 ሜጋፓስካል እንዲሆን፣ ወይም ድንጋዩ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲሰበር ተደርጎ ይስተካከላል። በመጨረሻ ድንጋዩ ጧ! ብሎ ይሰበራል። በዚያች ቅጽበት የተመዘገበው ኃይል ለናሙናው ስፋት ሲካፈል የመጨመቅ ጥንካሬው ይገኛል።

ሜጋፓስካል የሚለው ቃል ለጀማሪ ያስፈራ ይሆናል፤ ግን ቀላል ነገር ነው። 1 ሜጋፓስካል ማለት በአንዲት ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 10 ኪሎ ያህል ሲጫን ማለት ነው። ዲያሜትሩ 54 ሚሊ ሜትር የሆነ ናሙና የአናቱ ስፋት 23 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ጥንካሬው 60 ሜጋፓስካል የሆነ ድንጋይ ከመሰበሩ በፊት ወደ 14 ቶን ይሸከማል ማለት ነው። በመዳፍ ሊያዝ ለሚችል ድንጋይ ይህ ቀላል አይደለም።

አንድ ናሙና ሰብሮ ውጤት መጻፍ ግን አይበቃም። ድንጋይ ከፋብሪካ እንደወጣ ጡብ አንዱ እንደሌላው አይደለምና ቢያንስ አምስት ያህል ናሙና መፈተን ይመከራል። ለንብብር ድንጋይማ አምስቱም በአንድ አቅጣጫ የተቆረጡ ከሆኑ ገና ግማሹ ሥራ አልተሠራም።

አቅጣጫ ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል

ከአንድ ንብብር ድንጋይ ሦስት ናሙናዎች ቆረጥን እንበል። በመጀመሪያው ንብብሮቹ እንደ እንጀራ ክምር ተጋድመዋል፤ ጫናው ከላይ ቀጥ ብሎ ይወርድባቸዋል። በሁለተኛው ንብብሮቹ መደርደሪያ ላይ እንዳሉ መጻሕፍት ቆመዋል። በሦስተኛው አዘንብለዋል። ታዲያ የትኛው ቀድሞ ይሰበራል?

ብዙ ሰው «የቆመው» ብሎ ይገምታል። መልሱ ግን ያዘነበለው ነው። ለምን እንደሆነ ለማየት በዳስተርና በመጽሐፍ እንሞክር። ዳስተሩን በመጽሐፉ ላይ አስቀምጡና መጽሐፉን በአንድ ወገን ቀስ እያላችሁ አንሡ። መጀመሪያ ዳስተሩ ዝም ይላል፤ ሰበቃ ይዞታል። የሆነ ማዕዘን ላይ ሲደርስ ሸርተት ይላል። ይህ ማዕዘን የሰበቃ ማዕዘን ይባላል። በድንጋዩም ውስጥ እንደዚሁ ነው። በንብብሩ ገጽ ላይ ሁለት ነገሮች መንሸራተትን ይቃወማሉ፤ አንደኛው ንጣፎቹን ያያያዘው ተፈጥሯዊ ሲሚንቶ፣ ሁለተኛው ሰበቃ ነው።

ከላይ የሚወርደው ጫና በዘንባላው ገጽ ላይ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ክፍል ገጹን ይጫነዋል፤ ይህኛው ሰበቃውን ስለሚያበረታ ወዳጅ ነው። ሌላው ክፍል በገጹ ላይ ወደታች ይገፋል፤ ይህኛው ጠላት ነው። ንብብሩ የተጋደመ እንደሆነ ገፊው የለም። ንብብሩ የቆመ እንደሆነም ጫናው ከገጹ ጋር ትይዩ ስለሚሄድ ገፊም ጫኝም አይኖርም። መካከል ላይ ግን ነገሩ ይከፋል። በንብብሩና በጫናው አቅጣጫ መካከል ያለው ማዕዘን 45 ዲግሪ ሲሆን ገፊውም ጫኙም ከጠቅላላው ጫና 50 በመቶ ያህል ናቸው። ማዕዘኑ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠብ ገፊው ከ50 ወደ 43 በመቶ ብቻ ሲቀንስ፣ ወዳጁ ጫኝ ግን ከ50 ወደ 25 በመቶ ያሽቆለቁላል። ጠላት ብዙም ሳይዳከም ወዳጅ በግማሽ ከዳ ማለት ነው። ንብብር ድንጋይ በአብዛኛው በዚህ ማዕዘን አካባቢ እጅግ ደካማ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ይህን ሐሳብ በሒሳብ መልክ ያቀረበው ጆን ኮንራድ ጄገር የተባለው አውስትራሊያዊ ሊቅ ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1960 ነበር። በተከታዩ ዓመት ፍሬድ ዶናት የተባለ አሜሪካዊ የጂኦሎጂ ሰው፣ ከጭቃ ድንጋይ ተለውጦ የተገኘውን የማርቲንስበርግ ስሌት በተለያየ ማዕዘን እየቆረጠ ቢፈትነው ዝቅተኛው ጥንካሬ በ30 ዲግሪ አካባቢ ተገኘ።

አሁን የጄገርን ስሌት በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለማስተማሪያ ተብለው የተወሰዱ ናቸው። የድንጋዩ የራሱ ጥንካሬ 60 ሜጋፓስካል፣ ንብብሮቹን ያያያዘው ኃይል 5 ሜጋፓስካል፣ የሰበቃው ማዕዘን 30 ዲግሪ ቢሆን፣ በንብብሩና በጫናው መካከል ባለው ማዕዘን ልክ የሚገኘው ጥንካሬ እንደሚከተለው ነው፦

በ90 ዲግሪ (ንብብሩ ሲጋደም)፦ 60 ሜጋፓስካል
በ60 ዲግሪ፦ 60 ሜጋፓስካል
በ45 ዲግሪ፦ 24 ሜጋፓስካል ገደማ
በ30 ዲግሪ፦ 17 ሜጋፓስካል ገደማ
በ15 ዲግሪ፦ 24 ሜጋፓስካል ገደማ
በ0 ዲግሪ (ንብብሩ ሲቆም)፦ 60 ሜጋፓስካል

በእርግጥ ይህ በስሌት ነው። በእውነተኛው ሙከራ የቆመው ናሙና ንጣፎቹ እየተገነጣጠሉና እየጎበጡ ከዚህ ባነሰ ጫና ሊሰበር ይችላል። ዋናው ቁም ነገር ግን ግልጽ ነው። ያው ድንጋይ፣ ያው ማሽን፣ ያው ባለሙያ፤ ሆኖም 60ው ወደ 17 ወረደ! ሦስት እጥፍ ተኩል ልዩነት። ተጋድሞ የተቆረጠውን ብቻ ፈትኖ «60» ብሎ የጻፈ ሰው አልዋሸም፤ ንብብሩ ባዘነበለበት ቦታ ላይ ለሚሠራው መሐንዲስ ግን አደገኛ ቁጥር ሰጥቶታል።

መሳብና መሰንጠቅ

ድንጋይ ሲጨምቁት እንጂ ሲጎትቱት ጀግና አይደለም። በጥቅሉ ሲታይ የመሳብ ጥንካሬው ከመጨመቅ ጥንካሬው አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ችግሩ ድንጋይን ይዞ መጎተት ቀላል አለመሆኑ ነው፤ መያዣው ራሱ ይሰብረዋል። ለዚህ መላ የተገኘው ከወደ ብራዚል ነው። በሪዮ ዴ ጃኔሮ አዲስ ሰፊ ጎዳና ሲቀየስ በመንገዱ ላይ ያለውን አንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን በኮንክሪት ተሽከርካሪ ግንዶች ላይ አንከባልሎ ለማዛወር ታስቦ ነበር። ግንዶቹ በጎናቸው ሲጫኑ ከመካከል እንደሚሰነጠቁ ተስተዋለ። ፈርናንዶ ካርኔሮ የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1943 ከዚሁ ተነሥቶ ዘዴውን ለሙከራ አዋለው። ቤተ ክርስቲያኑ ሳይዛወር ቀርቶ ቢፈርስም ሙከራው ግን «የብራዚል ሙከራ» ተብሎ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከናሙናው ላይ እንደ ዳቦ ቁራሽ ክብ ይቆረጣል፤ ውፍረቱ የዲያሜትሩ ግማሽ ያህል ይሆናል። በጠርዙ ቆሞ ከላይና ከታች ሲጫን መካከሉ ወደ ግራና ቀኝ ይሳብና ለሁለት ይሰነጠቃል። ለንብብር ድንጋይ ክቡን እያዞሩ መሞከር ያስፈልጋል። ንብብሩ ከጫናው ጋር በአንድ መስመር ሲውል ድንጋዩ ንብብሩን ተከትሎ በትንሽ ኃይል ይከፈላል፤ ሲጋደም ግን ብዙ ይታገላል።

ማሽን ወደሌለበት ሜዳ ለሚወጣ ባለሙያ ደግሞ ሌላ መሣሪያ አለ። ሁለት ሹል ጫፎች ያሉት፣ በእጅ ግፊት የሚሠራ፣ በመኪና ኋላ ተጭኖ የሚሄድ ነው። ብሮክና ፍራንክሊን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1972 አጠቃቀሙን በሰፊው አስረድተውታል። ድንጋዩ ሳይሞረድ በሁለቱ ሹሎች መካከል ይቆነጠጣል፤ የተገኘው ልክ ከ20 እስከ 25 ሲባዛ የመጨመቅ ጥንካሬውን ግምት ይሰጣል። ይህ ማባዣ ግን ለንብብር ድንጋይ እንዲሁ የሚታመን አይደለም፤ ከ15 እስከ 50 ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ በዚህ መሣሪያ አንድ ጊዜ ንብብሩን አቋርጦ፣ አንድ ጊዜ ንብብሩን ተከትሎ መፈተንና ሁለቱን ማነጻጸር ነው የሚበጀው።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል

አቅጣጫው ታወቀ እንበል። ቀጥሎ የሚጠየቀው ስለ ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ኮልባክና ዊድ የተባሉ ተመራማሪዎች በደቡብ አፍሪካ የአሸዋ ድንጋይና ሼል ናሙናዎችን አንዱን አድርቀው፣ ሌላውን ውሃ አጥግበው ፈተኑ። ውሃ የጠገበው ጥንካሬ የደረቀውን ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ። እነዚያ ናሙናዎች ኳርትዝ የበዛባቸውና ደህና የተያያዙ ነበሩ። ሸክላ አፈር የበዛበት ሼልማ ምኑ ቅጡ፤ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ይላጣል፣ አንዳንዱም ተመልሶ ጭቃ ይሆናል።

ይህን ጠባይ ለመለካት የተዘጋጀ ሙከራ አለ። ፍራንክሊንና ቻንድራ እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረቡት ነው። እያንዳንዳቸው ከ40 እስከ 60 ግራም የሚመዝኑ 10 የደረቁ ድንጋዮች፣ ቀዳዳው 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ የወንፊት ከበሮ ውስጥ ይገባሉ። ከበሮው ውሃ ውስጥ ግማሽ ያህል ተነክሮ በደቂቃ 20 ጊዜ እየዞረ ለ10 ደቂቃ ያጥባቸዋል። ይደርቁና እንደገና ይታጠባሉ። ከሁለተኛው እጥበት በኋላ ከመጀመሪያው ክብደት ስንት በመቶው ተረፈ? ውጤቱ ይኸው ነው። ጥሩ የኖራ ድንጋይ ከሞላ ጎደል እንዳለ ይወጣል፤ ደካማው ሼል በወንፊቱ ሾልኮ ያልቃል።

ናሙና ከመሬት ውስጥ ሲወጣ እርጥበቱ እንዳለ መጠቅለል ያለበትም በዚሁ ምክንያት ነው። ፀሐይ ላይ ሰንብቶ የደረቀ ናሙና ላቦራቶሪ ደርሶ «ጠንካራ ነኝ» ቢል፣ ክረምት ሲገባ ተራራው ያንን ቃል አይጠብቅለትም።

ተራራው ሲፈርድ

ይህ ሁሉ ዝርዝር ለምን እንዳስፈለገ ከኢጣሊያ የተገኘ አንድ መራራ ትምህርት ያስረዳናል። በሰሜን ኢጣሊያ ቫዮንት በተባለ ሸለቆ ውስጥ ከፍታው 262 ሜትር ያህል የሆነ ግድብ ተሠራ። በሐይቁ ዳር ያለው የቶክ ተራራ የኖራ ድንጋይ ንብብር ሲሆን፣ ንብብሮቹ ወደ ሸለቆው ያዘነበሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ የውሃው ከፍታ ሲጨምር ተራራው ቀስ እያለ መንሸራተት ያዘ፤ ውሃው ሲቀንስ ዝግ ይላል፣ ሲጨምር ይፈጥናል። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 9 ቀን 1963 ሌሊት ወደ 270 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋ አለት ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሐይቁ ላይ ተናደ። የተገፋው ውሃ በግድቡ አናት ላይ ዘሎ ሎንጋሮኔ የተባለችውን ከተማና አካባቢዋን ጠረገ። ወደ 2000 የሚጠጋ ሕዝብ አለቀ። ግድቡ ግን አልፈረሰም፤ ዛሬም ቆሟል።

ታዲያ የኖራ ድንጋዩ ደካማ ነበርን? አልነበረም። ሄንድሮንና ፓተን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት በጠንካሮቹ የኖራ ድንጋይ ንጣፎች መካከል ስስ የሸክላ ንጣፎች ነበሩ፤ መንሸራተቱም የሄደው እነሱን ተከትሎ ነው። ያንን ሁሉ ተራራ የያዘው የድንጋዩ ጥንካሬ ሳይሆን የዚያች ስስ ሸክላ ሰበቃ ነበረ።

እዚህ ላይ የላቦራቶሪ ሰዎች ራሳቸው የሚጠነቀቁት አንድ ወጥመድ አለ። መሰርሰሪያው መሬት ሲቦረቡር ጠንካራው ድንጋይ ደህና ሆኖ ይወጣል፤ ስሷ ሸክላ ግን በውሃው ታጥባ ወይም ተፈርፍራ ትቀራለች። ላቦራቶሪ የሚደርሰው እንግዲህ የተረፈው ነው። የተረፈውን ብቻ ፈትኖ ስለ ተራራው ሁሉ መናገር፣ በፈተና ቀን ክፍል የተገኙትን ተማሪዎች ብቻ ቆጥሮ «ሁሉም አለፉ» እንደማለት ነው። ስለዚህ ጥሩ መዝጋቢ የወጣውን ናሙና ብቻ ሳይሆን በስንተኛው ሜትር ላይ ምን ያህሉ ሳይወጣ እንደቀረም ይጽፋል። ብዙ ጊዜ ቁልፉ ያለው በዚያ ባዶ ቦታ ነው።

የዓባይ በረሃ መንገድ በተደጋጋሚ የመሬት መንሸራተት የሚያስቸግረውም ያለ ምክንያት አይደለም። ቁልቁለቱ የበዛ ነው፤ ከላይ ፈርሶ የተከመረ ድንጋይና አፈር አለ፤ ከሥር ውሃ የሚያለሰልሳቸው ሼልና ጂፕሰም አሉ፤ በዚያ ላይ የክረምቱ ዝናብ ይጨመራል። እዚያ መንገድ ላይ የሚሠራ ባለሙያ የጠንካራውን የኖራ ድንጋይ ቁጥር ብቻ ይዞ ቢሄድ ገና ጥያቄውን አልጀመረውም።

ለእኛ ለመምህራን ምን ይጠቅመናል?

አንደኛ፣ ነገ ብዙዎቻችን በምንመደብበት ገጠር ትምህርት ቤት ሲሠራ ወይም ሲታደስ አስተያየት መጠየቃችን አይቀርም። ግንበኛ ንብብር ድንጋይ ሲገነባ ድንጋዩ በተፈጥሮ እንደተኛው አጋድሞ ማስቀመጥ ይኖርበታል። መልኩ ያምራል ተብሎ ንብብሩ ቆሞ ፊቱ ወደ ውጭ ከዞረ፣ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት እንደ ሽንኩርት እየተላጠ ይሄዳል። ልምድ ያላቸው ግንበኞች ይህን ያለ ላቦራቶሪ ያውቁታል፤ እኛ ምክንያቱን ለተማሪው ማስረዳት እንችላለን።

ሁለተኛ፣ ማሽን ባይኖረንም ሙከራ ማሳየት እንችላለን። አንድ ሁለቱን እነሆ፦

የብርጭቆ ሙከራ። ከአካባቢያችሁ የተለያዩ ድንጋዮች ሰብስቡ። ሁሉንም ፀሐይ ላይ አድርቁ። ከየዓይነቱ አንድ ቁራጭ ውሃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ አስገቡ። ከ10 ደቂቃ በኋላ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ በማግስቱም ተመልከቱ። የትኛው አረፋ አወጣ? የትኛው ተሰነጠቀ? የትኛው ተፈረፈረ? ተማሪዎች በሠንጠረዥ ይመዝግቡ።

የጭቃ ንብብር ሙከራ። የሸክላ ጭቃ አቡኩና አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያላቸውን ንጣፎች አዘጋጁ። በእያንዳንዱ ንጣፍ መካከል የተነፋ አመድ ወይም የጠመኔ ዱቄት እየነሰነሳችሁ ደርቡ። ጥቂት ጠጠር ሲል ቁመቱ የወርዱ ሁለት እጥፍ የሆነ ጡብ ቁረጡ፤ አንዱን ንብብሩ ተጋድሞ፣ ሁለተኛውን ንብብሩ ቆሞ፣ ሦስተኛውን ንብብሩ ከቁመቱ 30 ዲግሪ አዘንብሎ። በጥላ ሥር አድርቋቸው። ከዚያ በእያንዳንዱ ላይ ትንሽ ጣውላ አድርጉና ክብደት ጨምሩ። ሸክሙ ሲወድቅ እግር እንዳይመታ ተማሪዎች ራቅ ይበሉ። ከመጀመራችሁ በፊት ግን እያንዳንዱ ተማሪ «ቀድሞ የሚሰበረው ይኼኛው ነው» ብሎ ግምቱንና ምክንያቱን ይጻፍ። ግምት ሳይጻፍ የተደረገ ሙከራ ትርኢት ነው፤ ተማሪው አይቶ ይስቅና ይረሳዋል። ውጤቱ ከተጠበቀው ቢለይም አትደንግጡ። ጡቡ ውስጡ አልደረቀም ይሆን? አናቱ ጎርባጣ ነበር? ይህን መጠየቅ ራሱ ትምህርቱ ነው።

ሦስተኛ፣ ተማሪዎቻችን ቁጥር ሲያዩ ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ሁኔታ መጠየቅ እንዲለምዱ ማድረግ አለብን። የንብብር ድንጋይ የፈተና ውጤት ሙሉ የሚሆነው ቢያንስ አምስት ነገሮች አብረው ሲጻፉ ነው፦ ድንጋዩ ከየት ቦታና ከስንት ጥልቀት እንደተወሰደ፣ ንብብሩ ከጫናው ጋር የሠራው ማዕዘን፣ የእርጥበቱ ሁኔታ፣ የናሙናው መጠንና ብዛት፣ በመጨረሻም የተሰበረው ንብብሩን ተከትሎ ነው ወይስ አቋርጦ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ሪፖርቱን ለጻፈው ሰው መመለስ ነውር የለውም።

ያ እጁን ያወጣው ተማሪ እንግዲህ የሚገባውን መልስ ማግኘት አለበት። «ድንጋይ ስንት ይችላል?» ሲለን «እስቲ ድንጋዩን አምጣውና ንብብሩ በየት በኩል እንደሚሄድ አሳየኝ፤ ከዚያ አብረን እናየዋለን» እንበለው።